ልጇን ያላቀፈችው እመቤት

አቃቂ የመጣሁት ግንብ ለመገንባት ነው። ከቡልጋ ስነሣ የማውቀው ድንጋይ መጥረብና ካብ መካብ ብቻ ነበር። በሲሚንቶ መሥራት የተማርኩት እዚሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ነው። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ዛሬ ቆርቆሮ ለብሶ ይታያል፤ ከሜዳው መሀል አዲስ የጭስ መውጫ ብቅ ይላል። ለእኛ ለግንበኞች ጥሩ ዘመን ነበር። ቢያንስ ያኔ እንደዚያ እል ነበር።

ሚስቴ ከእኔ ስድስት ወር ዘግይታ መጣችና ፈትል ክፍል ተቀጠረች። ፈትል ክፍል የሚሠራ ሰው ጆሮው በመፍተያ መኪናው ጩኸት ይደነቁራል፤ ስለዚህ ቤትም ገብታ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው። ሳቋ ከግቢው በር ይሰማል። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ከስልጤ አገር የመጣች ባለ ሱቅ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬን አባረርሽብኝ!» እያለች ትቀልድባት ነበር። ያንን ጩኸቷን የምናፍቅበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ፋብሪካው ሲሰፋ ለአዲስ መጋዘን የተመረጠው ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። የአካባቢው ኦሮሞዎች ከፋብሪካው በፊት፣ ከባቡሩም በፊት የሚሰበሰቡበት ዛፍ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይመጣሉ፤ ግንዱን ቅቤ ይቀቡታል፤ ዘፈን በሚመስል ድምፅ ይጸልያሉ። እኛ ከካቡ ላይ ሆነን እናያቸዋለን፤ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ይስቃል።

ዛፉ ይቆረጥ ሲባል የቀን ሠራተኞቹ እንቢ አሉ። አሠሪያችን ካቦ ተናደደ። «ዛፍ እኮ ነው! ዛፍ ነው የምትፈሩት?» አለ። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። እኔም አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያሳየሁ፣ «እኔ የእመብርሃን ልጅ ነኝ፤ ዛፍ አልፈራም» ብዬ መጥረቢያውን ተቀበልኩ። ጉራ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ካቦው ፊትም መታየት ፈልጌያለሁ።

ሥሩን ቆፍረን ግንዱን ጀምረን ሳለ አንዲት አሮጊት መጡ። ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ፊት የሚሄዱት እሳቸው እንደነበሩ አውቃለሁ። አልጮሁም፤ አልተራገሙም። ትንሽ ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና መጥረቢያው ሲወርድ እያዩ ቆዩ። ለእረፍት ስቆም በአማርኛ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለህ?»

«እስማለሁ፣ እማማ።»

«እኔ ከቤተ ክርስቲያናችሁ አጥር አንዲት ድንጋይ አንስቼ አላውቅም» አሉኝ።

ፋብሪካው ነው ያዘዘው፤ እኔ ምን ላድርግ፤ እንጀራ ነው የሚል ነገር አጉረመረምኩ። ዛፉ በማግሥቱ ወደቀ። ቦታው ታጠረ። አሮጊቷ በመስከረም ሣራቸውን ይዘው መጥተው ዘበኛው በር ላይ ሲመልሳቸው ሚስቴ አይታለች። ያን ዕለት ራት ላይ፣ «ያንን ዛፍ የቆረጥከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ታዝዤ ነው።»

እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ተነሣች።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን። ሚስቴ ከወር ትንሽ አልፎ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ከዚያ በላይ ቦታዋን የሚጠብቅላት አልነበረም። ቀን ቀን ልጅቷን የምትይዝልን የስልጤዋ ጎረቤታችን ናት። ልጃችን ወፍራም፣ እንቅልፋም ነበረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና ለዚያ ድግስ ጌሾ አስወቅጠናል፤ የክርስትና እናቷንም ለምነናል።

ሳምንት ሲቀረው ታመመች። ጠዋት ደህና ነበረች፤ ረፋድ ላይ ትኩሳት ያዛትና መጥባትም ማልቀስም አቆመች። ጎረቤታችን ሱቋን ክፍት ትታ፣ ልጅቷን አቅፋ ፋብሪካው በር ድረስ ሮጠች። ዘበኛው፣ «ፈረቃው ሲያልቅ እነግራታለሁ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያኔ ሠራተኛ ከመኪናው ላይ ነቅሎ ማስወጣት ለዘበኛ እንጀራውን ማጣት ነበር። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ከላይ ሆኜ በሩ ላይ አንዲት ሴት ስትጮህ አይቻለሁ። ማን እንደሆነች አልለየሁም። የፈረቃው ጡሩንባ ተነፍቶ ሚስቴ ጥጥ እንደለበሰች ስትወጣ ልጃችን በጎረቤታችን ክንድ ላይ ሞታ ቆየቻት።

የንስሐ አባታችን ከወንዙ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን መጡ። መስቀላቸውን ተሳልመን ቆምን። ክርስትና እንዳልተነሣች ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የታመመ ሕፃን ሰማንያ ቀን አይጠበቅለትም እኮ፣ ልጄ። ብትጠሩኝ ሮጬ እመጣ ነበር።»

«ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን፣ አባ።»

«እንግዲህ ከግቢው ውስጥ ላሳርፋት አልችልም» አሉና አለቀሱ። ያለቀሱት የእውነት ነው፤ ይህንን ልክድባቸው አልፈልግም። ራሳቸው ዞረው ቦታ መረጡልን፤ በምሥራቅ በኩል፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የአጥሩ ጥላ የሚያርፍበት። እኔው ቆፈርኩ። ከግንቡ እስከ ጉድጓዱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ፈረቃ ባልደረሳት እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ ትወጣለች፤ በሩ ስንደርስ እኔ ደጁን ስሜ ስገባ እሷ በአጥሩ ዞራ ትሄዳለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከውጭ ትቆማለች። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ወጥተው፣ «ግቢ እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

«እሷን ያስገቡልኝና እገባለሁ» አለቻቸው።

ሌላ ነገር የላትም። ጩኸቷም ከቤት ጠፋ። የመኪናውን ጩኸት እንዳልለመደ ሰው ድምፅዋ ቀስ አለ፤ አንዳንዴ ያለችውን ለመስማት ጠጋ እላለሁ።

ሰፈሩ ደግሞ የራሱን ያወራል። «ዛፉ ነው የተበቀለው» የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። በክርስቶስ አምናለሁ፤ ግን ሌላ ማመካኛ አልነበረኝምና ያዝኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ የሚኖሩበትን ጠይቄ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሄድኩ። እህል ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ልጄ ሞተች።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። ገለባውን ከእጃቸው አራገፉ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሦስት ወርም አልሞላት።»

«ዛፍ ሕፃን አይገድልም» አሉ። «ያ ዛፍ በሕይወቱ ለማንም ክፉ አላደረገም። አሁን ደግሞ የለም። ምን ያደርግሃል? ሂድ፣ ወደ ሚስትህ ሂድ።»

ቢረግሙኝ ይሻል ነበር። በደለኛ ነህ ብለውኝ ቢሆን ቅጣቴን ቆጥሬ እጨርሰው ነበር። እሳቸው ግን ሰፌዳቸውን አንስተው ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

ልጃችን በሞተች በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የፋብሪካው መኪናዎች ዋና ኃላፊ የነበረው ጣሊያን ሚስት ካቦውን አስጠርታ ጥሩ ግንበኛ ላክልኝ አለችው። ሲኞራ ነው የምንላት፤ በቋንቋቸው እመቤት ማለት ነው። ቀጭን ሴት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ከፋብሪካው በር እንደተገባ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ በእጇ እየመታች፣ «እዚህ ትንሽ ቤት ሥራ። ለማዶና» አለችኝ፤ እመቤታችንን ማለቷ ነው። ለምን እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። ተስላ ነው የሚሉም ነበሩ፣ ናፍቆት ነው የሚሉም ነበሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድንጋዩን ከአቃቂ ወንዝ ዳር መርጬ አመጣሁ። ቅስት ያላት፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያያት ጎጆ አድርጌ ሠራኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሐውልቷ በባቡር መጣች። ሣጥኑ ሲከፈት ገለባ ውስጥ ተኝታለች፤ ነጭ ቀሚስ፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ቁመቷ እስከ ደረቴ። ከቦታዋ ላይ አቁሜ እግሯን በሲሚንቶ አጣበቅኩት። ፈረቃ የሚቀይሩት ሠራተኞች ተሰብስበው ያያሉ።

«እመቤታችን ናት?» አለ አንዱ።

«እሷስ እሷ ናት፤ ልጇስ?» አለ ሌላው።

እውነትም ልጅ አልያዘችም። ሁለት እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ መዳፏን ከፍታ ቆማለች። እኛ ልጇን ያላቀፈች ማርያም አይተን አናውቅም፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ ልጇ በክንዷ ላይ ነው። ሲኞራን ጠየቅናት። «ይህቺ ማዶና እንዲህ ናት» ብላ ሄደች።

ሚስቴ ከፈረቃ ስትወጣ አየቻት። ሰው ሁሉ እየገፋት ሲያልፍ ቆማ ቀረች። ሄጄ ክንዷን ያዝኳት፤ አልተንቀሳቀሰችም። በማግሥቱ ከሌላው ሁሉ ቀድማ ከቤት ወጥታ፣ ስትገባ ቆመች፣ ስትወጣ ቆመች። በሳምንቱ አመሻሽ ላይ፣ ወጥ እያማሰለች፣ ሳላስበው ማውራት ጀመረች።

«ዛሬ ነገርኳት።»

«ለማን?»

«ለእሷ። ስለ ልጅቷ።»

ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እጇን አይተኸዋል?» አለች። «ልጅ ከእጇ የወሰዱባት ሴት እጇ እንደዚያ ነው የሚሆነው። እኔም ያን ቀን ከጎረቤታችን ላይ ተቀብዬ፣ ከእኔ ደግሞ ለመገነዝ ሲወስዱብኝ እንደዚያ ነበር የቀረሁት። እጄ ተዘርግቶ እንደቀረ አንተ ነህ የነገርከኝ።»

እውነት ነው፤ እኔ ነበርኩ የነገርኳት።

ለጥቂት ወራት ቤታችን ቤት መሰለ። ሳቀች አልልም፤ ግን ታወራ ነበር። ከፈትል ክፍል ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት። ልጅ የሞተባቸው፣ የመከኑ፣ ባላቸው ጥሏቸው የሄደ። በየወሩ በሃያ አንድ ጧፍ ያበራሉ፤ ግድግዳውን ይስማሉ፤ የሐውልቷን እጅ ዳስሰው ፊታቸውን ያብሳሉ። ከፈረቃ በፊትና በኋላ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት ያለቻቸው። ወንዙን ተሻግሮ ማስቀደስ ለፋብሪካ ሰው እንዴት ይሆናል? እሑድም ፈረቃ አለ፤ በጾምም ፈረቃ አለ። የጡሩንባው ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል በላው።

ወሬው የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሰና ቤት መጡ። ተቀምጠው ውኃ ጠጡ፤ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሥዕል አለን። የተቀረጸ ምስል ግን የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለም። የፈረንጅ ነው። ለጄሶ ትሰግዳለች እያሉሽ ነው።»

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች ሚስቴ። «እርስዎ ዘንድ ያለችው ልጇን አቅፋለች። እኔ እሷ ፊት ቆሜ ምን ብዬ ነው የማያት?»

አባ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቀሩ። «እሷም እኮ ልጇን ቀብራለች» አሉ።

«በሦስተኛው ቀን ተነሥቶላታል» አለች ሚስቴ።

አባ ተነሡ። አርባ ስግደት ቀኖና ሰጥተዋት ሄዱ። አልሰገደችም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቋትም።

ነገሩን ያበላሸው ግን ቄስ አይደለም። ሲኞራ አንድ ጠዋት ሐውልቷን አየቻት። የጧፉ ጥላሸት ፊቷን አጥቁሮታል፤ የሰው እጅ ቀለሙን አስለቅቆታል፤ ከግራ እጇ አንዲት ጣት ተሰብራ ወድቃለች። ሲኞራ በቋንቋዋ ጮኸች። እኔ ተጠራሁ። «ብረት ሥራ። ዙሪያውን። ማንም እንዳይነካ» አለች። የሐውልቷን ፊት ነጭ ቀለም አስቀባችኝ፤ ብረቱን ተክዬ ቁልፍ ያለው በር አበጀሁለት። ቁልፉ ሲኞራ ዘንድ ሆነ። ዘበኛው እዚያ የሚቆም ሰው እንዲያባርር ታዘዘ።

ሚስቴ ብረቱን ያየች ቀን ምሽት ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ታዝዤ ነው።»

«አንተ መቼም ታዝዘህ ነው» አለች። ስድብ አልነበረም። እንደ ስሜ አድርጋ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ራሷን ቀና ሳታደርግ ገብታ ትወጣ ጀመር። የጥጡ ብናኝ ደረቷን ይዟት ነበርና ታስላለች። የፋብሪካው ክሊኒክ ነጭ ክኒን ይሰጣታል፤ ወስዳ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ጣሊያኑ ውሉን ጨርሶ ከነሚስቱ ወደ አገሩ ገባ። ሲኞራ ሐውልቷን ይዛት ትሄዳለች ተብሎ ነበር፤ ትታት ሄደች። አዲሱ ኃላፊ ባለ ተሳቢ መኪናዎች እንዲገቡ በሩ ይስፋ አለ። ግድግዳው ይፍረስ ተባለ። ካቦው ወደ እኔ መጣ።

«አንተ ስለሠራኸው ታውቀዋለህ» አለኝ።

«ሐውልቷን ልውሰዳት?» አልኩት። «ለቤቴ።»

«የፋብሪካው ንብረት ነው። ለዚህ ደግሞ ደብዳቤ ማን ይጽፍልሃል?»

ቢሆንም እንደምንም ሳላበላሽ አውጥቼ አንድ ቦታ ላቆያት አሰብኩ። እግሯ ሥር ያለውን ሲሚንቶ በመሮ ቀስ እያልኩ ፈለፈልኩ። አብዝቼ አጥብቄው ኖሯል። ሁለት ሰዓት ያህል ከታገልኩ በኋላ አንድ ጊዜ ስመታ ከወገቧ ለሁለት ተሰበረች። ውስጧ ባዶ ነው፤ ሽቦና የጆንያ ቁራጭ ነው ያለው። ሠራተኞቹ ቆመው አዩ። የቀን ሠራተኞቹ ስብርባሪዋን ከድንጋዩ ጋር በባሬላ ወስደው ለአዲሱ መግቢያ መሙያ አደረጉት። እኔ ቀኝ እጇን ብቻ ከፍርስራሹ ለይቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ማታ ለሚስቴ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ፈታችው። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላበጠችው፤ የተሰበረውን አንጓ፣ የሚታየውን ሽቦ አየች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቢያንስ ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ይኼ ጄሶ ነው» አለችና መለሰችልኝ።

ሳልዋ ሲብስባት ፋብሪካው አሰናበታት። ወንድሟ ከቡልጋ መጥቶ ወሰዳት። አየሩ ይሻላታል ተባባልን። ስሸኛት፣ «ሲሻልሽ ትመጫለሽ» አልኳት። «ምን ላደርግ እመጣለሁ?» አለች። «አቃቂ ውስጥ የምቆምበት ቦታ የለኝም።» መኪናው ላይ ስትወጣ እጄን አልሳመችም፤ እኔም ጉንጯን አልሳምኩም። ተለያይተን እንደምንቀር ሁለታችንም ያወቅን ይመስለኛል።

ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። እህል ትለቅማለች፤ ከብት ሲገባ ትቆጥራለች። ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፤ እመልስላታለሁ። ሦስተኛውን ጉዞ ሳስብ አንድ የአገሬ ሰው ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ነጠላውን ዘቅዝቆ ነበር። ሳይናገር ገባኝ።

ስደርስ ተቀብራለች። ወንድሟ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰው ያስተዛዝነዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምን አለች? መጨረሻ ላይ?» አልኩት።

«ምንም አላለችም። ውኃ ጠይቃ ጠጣች።»

«ስለ እኔስ?»

ወንድሟ ሊዋሽልኝ የፈለገ ይመስለኛል። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሦስት ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ። ከደብረ ብርሃን መንገድ የጤፍ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ፤ እሑድ ማታ አቃቂ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ ከሌሎቹ ጋር በሰፊው በር ገባሁ። ካቦው አሸዋው ክምር አጠገብ ቆሟል።

«የት ጠፋህ ሳምንቱን ሙሉ?» አለኝ።

«ዘመድ ሞቶብኝ ነው» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለና ከአካፋዎቹ አንዱን አቀበለኝ።